ሳቅ የሌለበት ስፌት ቤት

እህት ዓለም፣

አብሬው የመጣሁት ፕሮፌሰር «ኬዝ ስተዲ ማለት አንድን ቤት ከሥር መሠረቱ ማወቅ ነው» እያለ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ከርሞ፣ ዛሬ የሚያጠናውን ስፌት ቤት አሳየኝ። የሰፊዎቹ ሳቅ ደረጃው ድረስ ይሰማል። እሱ የድምፅ መቅጃውን ይዞ ብቅ ሲል ሁሉም ጸጥ ብለው ስፌታቸው ላይ አቀረቀሩ። እሱ ሆዬ መቅጃውን ወደ አፉ አስጠግቶ «ድካም ሳቃቸውን ነጥቋቸዋል» አለ። ወጥተን በሩ ሲዘጋ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

«ሳቁን ሰሙ?» አልኩት።

«ጎረቤት ይሆናል» አለኝ ኮራ ብሎ።

እናንተ ቤት ቢሆን እማማ አስቀምጠው የራሱን ጉድ ያስለፈልፉት ነበር። ስለዚያ ቤት የሚያውቀው ሁሉ በዚህች የፖስታ ካርድ ጥግ ተጽፎ ለሰላምታ ቦታ ይተርፋል፤ ስለዚህ እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም።