ዱካ አዋቂው ጋሼ ደሞዝ ሣህሉ (1930–1980 ዓ.ም.)

ወንድማችን አቶ ደሞዝ ሣህሉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሣህሉ ወልደ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን በ1930 ዓ.ም. ጣና ዳር ቁንዝላ ተወለዱ። አባታችን ለቅስና አስበዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዳዊት ከደገሙ በኋላ ባሕር ዳር ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ።

በ1959 ዓ.ም. በአፋር በረሃ፣ በአንድ የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል ዘብ ሆነው ተቀጠሩ፤ ኋላም አስጎብኚ ሆኑ። ውኃ በሌለበት አገር ሳላውን፣ ሰጎኑን፣ የዱር አህያውን ለፈረንጆች ሲያሳዩ ኖሩ። ማለዳ ተነሥተው መጀመሪያ የሚያዩት መሬቱን ነበር። አንድ ቀን አንበሳ የጎብኚዎቹን ድንኳን ሲዞር እንዳደረ ከዱካው አዩ። «ዛሬ ቁርስ መኪና ላይ ነው» ብለው ሁሉንም አስገቧቸው። ጎብኚዎቹ አንበሳውን ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ያዩት ከመኪናው ሆነው ነው። «ብነግራቸው ይሮጡብኝ ነበር» ይሉን ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋዬን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ጎብኚ ሲጠፋ በ1968 ዓ.ም. ባሕር ዳር ተመልሰው ፋብሪካ ጥበቃ ገቡ።

በ1970 ዓ.ም. ሰው ከየቤቱ ይወሰድ ጀመር። ጋሼ ደሞዝ ማታ ማታ ደጁን ራሳቸው ይጠርጉ ነበር። ጎረቤት «የሴት ሥራ ያዙ» እያለ ይሥቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ማን መጥቶ እንደሄደ ጠዋት ከአፈሩ ለማየት ነበር የሚጠርጉት። እኛ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ማየት እንፈራ ነበር። አንድ ማለዳ፣ ታናሽ ወንድማችን መምህር አለበል ከሚተኛበት መስኮት ሥር የሦስት ሰው ቦት ጫማ ቆሞ እንደነበር ከዱካው አዩ። ቀሰቀሱት። «ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አላቸው። «ምንም። ጫማህን አድርግ።» ሐይቁ ዳር ወስደው ጀልባ አሳፈሩት። ጀልባው የማን እንደነበረ፣ ወዴት እንደሄደ አልጽፍም። በዚያው ቀን ሰዎቹ መጡ፤ አለበልን ሲያጡት እሳቸውን ወሰዱ።

ከዓመት በኋላ ሲፈቱ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር። እዚያ ምን እንደጠየቋቸው አልነገሩንም፤ እኛም ፈርተን አልጠየቅናቸውም። በዚሁ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ዐረፉ።

«የእስሩን ነገር ተዪው፣ ሰው ይሰማል» ተብያለሁ። እኔም እፈራለሁ። ግን የኖሩት ይህንን ነውና ይነበብ አልሁ።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው አደይና ወለላ፣ እኔም እኅታቸው ሙሉነሽ አለን። አለበል ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። የእሱንም ለቅሶ አብራችሁ ልትደርሱ የመጣችሁ ካላችሁ ግን ተዉ፤ ስሙ ከእኛ ከቋሚዎቹ ጋር ይነበባል።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ፍርሃት በሌለበት፣ በአብርሃም ቤት ያሳርፍልን። አሜን።