በበጋ የማይነገር ተረት

ጥንቸል ሐይቅ፣ ሰሜን ሳስካችዋን
ጁን 6

ለወደፊቷ ማስተር፣ ለእህቴ ልጅ ለጃኔል፣

ሰላምታዬ ከሐይቃችን ትንኝ ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጀልባዬ ደህና አይደለችም፤ ሞተሯ ሲነሳ እንደ ቄሳችን ያስላል፣ እንደ እሳቸውም አንዴ ከጀመረ ቶሎ አያቆምም። ዓሣው ግን ዘንድሮ ወፍራም ነው። በጭስ እያደረቅኩ አስቀምጥልሻለሁ፤ ከተማ ውስጥ ቅጠል ብቻ እየበላሽ እንደ ሸምበቆ መቅጠንሽን ፎቶሽ ላይ አይቻለሁ።

ደብዳቤሽና ጥቅልሽ ደርሶናል። ነገሩ ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። በነባር ሕዝቦች ትምህርት የያዝሽውን ሁለተኛ ዲግሪ ለመጨረስ የአያትሽ ተረቶች ያስፈልጉሻል። አማካሪሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ካልተሰበሰቡ ርእሱ ይቀየር ብለዋል። ከሴፕቴምበር ጀምሮ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለምታስተምሪ መምጣት የምትችዪው በጁላይ ለጥቂት ቀን ነው። እስከዚያ እኔ አያትሽን እንዳግባባልሽ፣ ከቻልኩም በስልኬ እየቀዳሁ እንድጠብቅሽ ትፈልጊያለሽ። ልክ ነኝ? የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ስለሆንኩ ብሳሳት አትፍረጂብኝ።

የላክሽልኝን የጥናት ዕቅድም መዝገበ ቃላቴን ጎኔ አስቀምጬ አነበብኩት። «የሕዝባችን ዕውቀት ከቦታውና ከወቅቱ ተነጥሎ አይቆምም» ያልሽው ላይ ስደርስ እርሳሴን አንስቼ አሰመርኩበት። ይህን የጻፈች ልጅ ናት በጁላይ፣ በትንኝ መሃል፣ በረዶ መሬት ላይ ካልተኛ የማይነገረውን ተረት ንገሩኝ የምትለው? ስለ መዋኘት መጽሐፍ ጽፎ ሐይቅ ውስጥ የሚሰምጥ ሰው ሆንሽብኝ።

ስጦታውስ! ሽማግሌና አሮጊት ትልቅ ነገር ሲጠየቁ ትምባሆ ይቀርብላቸዋል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እዚህ መንደር የለም። አንቺ የላክሽው የዩኒቨርሲቲሽ ዓርማ ያለበት ኩባያ ነው። እናቴ፣ ያንቺ ኮኩም፣ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚጠይቀኝ?» አለች።

«ሻይ» አልኳት።

አሁን ማታ ማታ ሰው ሠራሽ ጥርሷን የምታሳድረው እዚያ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲሽ በዚህ ቤት የማደሪያነት ሥራ አግኝቷል።

ጥፋትሽን ለመሸፈን ከሱቅ ትምባሆ ገዛሁ፣ በቀይ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ባንቺ ስም ይዤላት ገባሁ። ትንፋሽ እያጠራት ስለሆነ አልጋዋን ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር አድርገንላታል። የኦክስጅን ማሽኑ ከጎኗ ሲያንጎራጉር ይውላል።

«ጃኔል ልካኝ ነው» ብዬ ጥቅሉን ዘረጋሁላት። «የታላቅ ወንድማችንን ተረቶች እንድትነግሪያት ትለምንሻለች።»

ታላቅ ወንድማችን የምንለውን የተረቶቻችንን አታላይ በስሙ አልጠራሁትም። እዚህም አልጽፈውም። በበጋ ከተጠራ እንቁራሪት አልጋ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ደግሞ አልጋዬን ለማንም ማጋራት ትቻለሁ።

እጇን አልዘረጋችም። እንዲያውም ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።

«ውጭ ምን ይታይሃል?»

«ሣር።»

«በረዶ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ መጣህ? ሂድ መረብህን ጠግን።»

«እማ፣ አሁኑኑ አውሪ አላልኩሽም እኮ። ተቀበይና በረዶ ሲመጣ ትነግሪያታለሽ።»

«አልቀበልም አልኩህ!» አለች። በሞት በሽረት የምትቀልደው ሴትዮ በዚህ አልቀለደችም።

እኔ ሞኙ ጣጣው የበረዶ ብቻ መሰለኝ። በረዶ ከሆነማ የት እንዳለ አውቃለሁ! ከሆኪ አዳራሹ ጀርባ፣ የበረዶ ሜዳውን የሚያስተካክለው መኪና እየጠረገ ሲደፋው የከረመው ክምር አለ። ጥላ ውስጥ ስለሆነ፣ የመጋዝ ብናኝም ስለተደፋበት ገና አላለቀም። በማግስቱ በማለዳ ፒክአፕ መኪናዬን ሞልቼ መጣሁና ከመስኮቷ ሥር በአካፋ እበትነው ጀመር። ጎረቤታችን ዶልፊስ በረንዳው ላይ ቆሞ ጉድ ያያል።

«አልፎንስ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ዩኒቨርሲቲውን እያገዝኩ ነው» አልኩት።

ገብቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። «እማ! ተነሺ እንጂ! በረዶ ጣለ!»

ቀና ብላ አየች። ብዙ አየች።

«ከሰማይ ነው የወረደው?»

«ታዲያ ከየት ሊወርድ?»

«እንግዲያው መላእክትም ሆኪ ይጫወታሉ» አለች። «ያ የጥርስ መከላከያ የየትኛው መልአክ ነው?»

ዞር ብዬ ባይ፣ ሰማያዊ የጥርስ መከላከያ ላስቲክ ከበረዶው አናት ላይ ተጎልቷል። ከጎኑም የሲጋራ ቁራጭ።

«እንቁራሪቶቹን ልታታልልልኝ ነው? አንተ ትልቅ ሰውዬ! ፀጉርህ ሸብቶ አንተ ሳታድግ ቀረህ!» ብላ መሳቅ ጀመረች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆየሁ። ሳቋ ግን ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉም ትንፋሿን ይዞት ሄደ። ማሽኑን ከፍ አድርጌ፣ ጀርባዋን ደግፌ እስኪመለስላት ጠበቅኩ። ውጭ በረዶዬ ይንጠባጠባል።

«ለምን እንዳልተቀበልኩህ ታውቃለህ?» አለችኝ ስትረጋጋ።

«በረዶ ስለሌለ።»

«ቂል። ትምባሆውን ከወሰድኩ ቃል ሰጠሁ ማለት ነው። በረዶው ሲመጣ እኔ ከሌለሁስ? ሰው ቃል ሰጥቶ ይሄዳል?»

ትራሷን አስተካከልኩላት። እኔ አልፎንስ ትራስ ሳስተካክል ተገኘሁ፤ ለመንደሩ ሰው እንዳትነግሪብኝ።

ከዚያ ስለ እናትሽ አነሳች። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ጀልባ በየመኸሩ ልጆች በግድ ሊወስድ ሲመጣ እኔን ጫካ ደብቃ እንዳስቀረችኝ፣ እናትሽን ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደወሰዷት ታውቂያለሽ። እኔ ራሴ እስከዚያ ጠዋት ያላሰብኩት አንድ ነገር አለ።

«ልጄን የሚመልሱልኝ በበጋ ነበር» አለች። «ጁላይና ኦገስት። ፍሬ እንለቅማለን፣ ዓሣ እናደርቃለን። ስትተኛ ተረት ንገሪኝ ትለኛለች። በረዶ ሲመጣ እላታለሁ። በረዶው ሲመጣ እሷ የለችም። ለሚቀጥለው በጋ ደግሞ ትመጣለች፤ ንገሪኝ ትለኛለች፤ በረዶ ሲመጣ እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን አደገች። አንዱንም ሳልነግራት ቀረሁ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች።

«አሁን ደግሞ ልጇ በበጋ ልምጣ ትለኛለች።»

ጃኔል፣ ተቆጥታ አይደለም የተናገረችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ጨርቅ አምጣው» አለችኝ።

«እማ፣ ሣሩ እኮ ገና አረንጓዴ ነው።»

«ዓይን አለኝ። አምጣው።»

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ዓይኗን ጨፍና በልቧ ጸለየች፤ እኔም ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና «በል እንግዲህ፣ በዚህ በሽታ ላይ መኖር የሚባል ሥራ ጨመርክብኝ» አለች። «በስልክህ አትቀዳኝም። በጥቂት ቀንም አያልቅም፤ አንዱ ተረት ሌላውን ይጠራዋል፣ የሚጠራበትን ቀን እኔም አላውቅም። ልጅቷ የምትመጣ ከሆነ የበረዶውን ወራት እስከ መጨረሻው ትቀመጥ። ቁጭ ብላ ትስማ፣ እንጨት ታምጣ፣ ተሳስታ ትድገመው፣ ላርማት።»

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ዲግሪውን ተይው አላልኩሽም። እንዲያውም ብትተዪው ጉዴ ፈላ፤ ለቢንጎ ጨዋታ ጓደኞቼ ዶክተር ናት ብዬ ጨርሻለሁ። ነገር ግን አማካሪሽን በስልክ ሳይሆን ቢሯቸው ሄደሽ አነጋግሪያቸው። አያቴ በኦገስት አትናገርም፣ ምክንያቱም ይህ ነው፣ ይህም ራሱ ከትምህርቱ ነው በያቸው። ሴትዮዋ ክፉ አይመስሉኝም፤ የቀን መቁጠሪያቸው ነው ክፉ። የማስተማሩን ሥራ ለሚመጣው ዓመት ያቆዩልሽ። ካላቆዩልሽም እዚህ የምትሠሪው አይጠፋም፤ የመንደራችን ትምህርት ቤት መምህር ሲፈልግ ነው የሚኖረው፣ ሁለተኛ ዲግሪ ባይኖርሽም አይጠየፉሽም።

የሚመጣውን የበረዶ ወራት ግን ለዩኒቨርሲቲው አትስጪው። ትምህርት ቤት ከዚህ ቤት የወሰደው ይበቃዋል።

ክፍልሽን አዘጋጅቼልሻለሁ። ማለት የዓሣ መረቡን አውጥቼዋለሁ፤ ሽታው በራሱ ጊዜ ይወጣል። እንጨት እየፈለጥኩ ነው፤ ለሦስት ሰው እንዲበቃ።

የክሊኒኩ ነርስ ሐሙስ መጥታ ነበር። ስትወጣ በረንዳው ላይ የነገረችኝን እንዳልጽፍልሽ ኮኩም አስምላኛለች። ስለዚህ አልጻፍኩም። አንቺ ግን ብልህ ልጅ ነሽ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁኑ፤ የምታነጋግሪያቸው ሰዎች ልባቸው ይራራልሽ። በረዶ ጣለ ብዬ እንድደውልልሽ አትጠብቂ። ሲጥል እዚህ ሁኚ።

የሚወድሽና የሚናፍቅሽ
አጎትሽ አልፎንስ