መኪና የማያልፍበት መንገድ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

የዘንድሮው የጥገና በጀት ለአንድ መንገድ ብቻ ይበቃል፦ ወይ ወደ ጥሊሊ ከተማ ለሚወስደው፣ ወይ ከግምጃ ቤት ከተማ ማዶ ድልድዩ ለተሰበረው። ባለፈው ወር ሁለቱም ላይ ቆሜ መኪና ቆጠርሁ። በተሰበረው ድልድይ አንድም ስላላለፈ የጥሊሊውን አስቀደምሁ።

ዛሬ ከዚያ ማዶ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ፈንታ፣ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ምጥ የያዛትን ምራታቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ ወንዙን ሞልቶ አገኙት። እስኪጎድል ሲጠብቁ እዚያው ዳር ላይ ሞተች። ልጁም አልተረፈ።

"መኪና የቆጠርኸው አንተ ነህ አሉ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ አባቴ።"

"ድልድዩ ተሰብሮ መኪናው በየት ይለፍ ልጄ? ሰዉን ብትቆጥር ምን ነበረ?"

ሸኝቻቸው እንደተመለስሁ መንገዳቸውን አንደኛ አድርጌ እንደገና ጻፍሁና ወረቀቱን ለኃላፊዬ ወሰድሁለት። አንብቦ ጠየቀኝ።

"የጥሊሊው በዚህ ክረምት ከተቆረጠ አምቡላንሱ በየት ይገባል? የዚያን ወገን ወላዶችስ ለማን ትተሃቸው ነው?"

እስከ ነገ ጠዋት ወስን ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ከሁለቱ አንዱን መሰረዜ አይቀርም። እስከ ዛሬ የምሰርዘው የመንገድ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።