ፕላስተሩ የለቀቀው ፍላሽ

ሰኞ፣ መጋቢት 7፤ ጠዋት 3 ሰዓት

መብራት አለ፣ ተመስገን። የፎቶ ቤቱን የአሥር ዓመት ፎቶ ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በድሮው ባለ 32 ቢት ሊኑክስ ሲስተም ነው፤ የኢንተርኔት ብራውዘሩ ማሻሻያ ካቆመ ቆየ፣ ለደንበኛ የምሞላውን የኢንተርኔት ፎርም አልከፍት ብሎኛል። ዛሬ ወደ 64 እቀይረዋለሁ። አሮጌውን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሁለት ፍላሽ፣ መንታ። ፕላስተር ለጥፌ ጻፍኩባቸው፦ «ፎቶ»፣ «መጫኛ»።

ወ/ሮ ኛማል ብቅ አሉ። ልጃቸው ጋትሉዋክ አምና ባሮ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። እሁድ ቸርች መታሰቢያ አለው፣ ፎቶውን በትልቁ እጠብልኝ አሉ። ቤታቸው የነበረውን ፎቶ ጎርፍ ወሰደው፤ ያለው እኔ ጋ ብቻ። ችግር የለም አልኳቸው።

11 ሰዓት

ተጫነ። 64። አልሐምዱሊላህ።

«ፎቶ» የሚለውን ፍላሽ ሰካሁ። ባዶ።

ደብተሬ፣ ላንተ ልናገር። ምሳ በልቼ ስመለስ ፕላስተሮቹ በሙቀቱ ለቀው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። በግምት መልሼ ለጠፍኳቸው። ከፍቼ ሳላይ። መጫኛውን የገለበጥኩት ፎቶዎቹ ባሉበት ፍላሽ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበሩትንም ደምስሻለሁ። እጄን በቆረጠው።

ማክሰኞ

እህል አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ ዘይነባ ሰው ሞተብህ እንዴ ትለኛለች። 

ሐሙስ፣ 5 ሰዓት

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ለቀቅኩበት። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ ከሀ ጀመርኩ። ሙሽራ ይመጣል፣ ጉርድ ፎቶ ይመጣል። ጋትሉዋክ የለም። ወ/ሮ ኛማል በበሩ ሲያልፉ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት

ተገኘ። ግማሹ። ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ዓይኖቹ አሉ። ከአፍንጫ በታች ግራጫ ብቻ።

ዘይነባ ስልኳ ላይ የጎደለ ፎቶ የሚሞላ አፕ አላት። በደቂቃ አፍና አገጭ አበጀለት። ፈገግ ያለ ቆንጆ ልጅ፣ የማን እንደሆነ አላህ ይወቅ። ስጣቸው፣ ኀዘንተኛ ናቸው፣ አይለዩትም አለች። ለኔ አዝና ነው።

እጄ ሊታዘዝ ምንም አልቀረውም። ግን ባይለዩትስ? እሱ ነው የባሰው። ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው ፊት ሲስሙ ሊኖሩ።

9 ሰዓት

አፑ የሠራውን አጠፋሁ። ግማሹን በትልቁ አጠብኩት፣ ግራጫውን ሳልቆርጥ። ፎቶ ቤቱን ዘግቼ አሁኑኑ ቤታቸው እሄዳለሁ። በፍላሹ፣ በሙቀቱ፣ በመብራቱ አላሳብብም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ነው የምጀምረው።