ስድስተኛዋ ጣት

ጥቅምት 6
ዛሬ አቤቱታ አለኝ። ቁጥር ሁለት ብሩሼን፣ ለፊደል ጫፍ ብቻ የማወጣትን፣ ሻይ አማሰሉባት። ግንበኞች! አብዱልሃኪምን ያዝኩት። የለሳኞቹ አለቃ ነው፣ ወሎዬ፣ ሳቁ ከፒያሳ ቴዎድሮስ አደባባይ ይሰማል። «ጋሽ ራጉኤል፣ ሻዩ አኳራጅ አኳራጅ ሲለን ጊዜ ነው ያወቅነው» አለኝ። የቀለም ማቅጠኛ መሆኑን አውቀውም ጨርሰው ጠጥተውታል! ያዘንኩት ለብሩሼ ነው።
ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው የድሮው ቤተ መጻሕፍት እየታደሰ ነው። እኔ ጽሑፉንና የግድግዳውን ሥዕል ልሠራ ገብቻለሁ። እነሱ ይለስናሉ፣ እኔ አሳምራለሁ። እነሱ ደግሞ እኔ የማበላሽ ይመስላቸዋል...

ጥቅምት 9
ተገኘች!
የንባብ ክፍሉን ኖራ ሲፍቁ ብቅ አለች። ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ» የምትል። ልጅ ሆኜ ከሥሯ እየተቀመጥኩ አንድም መጽሐፍ አልጨረስኩም። ጣቷን ስቆጥር። በአንድ እጇ ስድስት! ሠዓሊው፣ ጥግ ላይ «ሐድጉ» ብሎ የፈረመው፣ አንድ ጨምሮባት ሄዷል። እኔ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። «አምስት ጣትማ እኔም አያቅተኝም» ብዬ ነው ከሰል ያነሣሁት። ይኸው ሃምሳ ዓመት። አስተማሪዬ እሷ ናት ማለት ነው?
መሐንዲሷ ናዝራዊት፣ በዕቅዱ ግድግዳው በሙሉ ይለሰናል አለች። ለመንኳት። የምሬን ለመንኳት። «እሺ ጋሼ፣ ትኑር» አለችና ጠመኔ አነሣች። «ይህ ሥዕል እንዳይነካ» ብላ ልትጽፍ ስትል አላስቻለኝም። «አጠር አድርጊው የኔ ልጅ፤ በዚህ የእጅ ጽሕፈትሽ ግድግዳው ይቀየማል።» ስቃ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፦ «ይቅር»።

ጥቅምት 10
ጠዋት ስገባ የለችም። ግድግዳው ሙሉ እርጥብ ልስን።
«ምነው አብዱልሃኪም?»
«ይቅር ይላል እኮ ጋሼ። አስቀረናት።»
ናዝራዊት ሮጣ ደረሰች። «ይቅር ማለት ባለበት ይቅር ነው!»
«ሠርጉ ይቅር ሲባል ሠርጉ አለ?»
ሁለቱም ልክ። ጥፋቱ የኔ፣ አጠር አድርጊው ያልኩት። ብሩሾቼን አንድ ባንድ ጠረግኩ። ከዚያ ተናዘዝኩ። ሁሉም ሳቁብኝ። አብዱልሃኪም ብቻ አልሳቀም። «ሳይደርቅ!» ብሎ ልጆቹን ጠራ። በሻይ ማንኪያ ቀስ እያሉ ይልጡ ጀመር። ማንኪያ ነበራቸው ለካ!
ወደ አሥር ሰዓት ላይ ፊቷ ወጣ። ነጠላዋም ደህና። እጇ ግን ከልስኑ ጋር ተላጠ።

ጥቅምት 13
እጇን የምሥለው እኔ ነኝ። ስንት ጣት?
«አምስት ጋሼ» አለች ናዝራዊት። «የሕዝብ ሕንፃ ነው፤ ሰው ይስቅብናል።»
«ስድስት» አለ አብዱልሃኪም። «ሠዓሊው ያየውን ይሆናላ የሣለው።»
«ስድስት ጣት የት ያያል?» አልኩት።
«እርስዎ የአዲስ አበባን ሰው በሙሉ ቆጥረው ጨርሰዋል?»
ቀለሜን መበጥበጥ ጀመርኩ።

ጥቅምት 15
አምስት አደረግኳት። ከሣልኳቸው እጆች ሁሉ የሚያምር። ሃምሳ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን እርማት አረምኩ። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ከሥሯ ተቀመጥኩ። የሚቆጠር ነገር የለም... ብድግ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥቅምት 18
በሩ ተንኳኳ። ገና አልተከፈተም ብዬ ልመልስ ብወጣ፣ ከዘራ የያዙ አሮጊት።
«የሺዓለም እባላለሁ፣ ከአፍንጮ በር። ሐድጉ ባለቤቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ምስልሽ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተገኘ ብለው ቤተ ክርስቲያን ላይ ቢነግሩኝ መጣሁ።»
እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ጨበጥኩ። ጨበጥኩና... መልቀቅ አቃተኝ። ልጅ ሳለሁ እንደማደርገው ቆጠርኩ። ስድስት።
እሳቸው እኔን አያዩም። በትከሻዬ አሻግረው ግድግዳውን ነው የሚያዩት።
«ምነው፣ አንዷን ጣቴን ማን ወሰዳት?»
«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»
ከላይ፣ ከመወጣጫው እንጨት ላይ፣ አብዱልሃኪም ጮኸ፦ «የትኛው ይቅር ነው ጋሼ?»
እማማ የሺዓለም ነገሩ ባይገባቸውም ሳቁ። ቁጥር ሁለቷን ብሩሽ አነሣሁ። እሳቸው ከዘራቸውን ለናዝራዊት ሰጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ግድግዳው ሥር ቆሙና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።
አብዱልሃኪም እንኳን ዝም አለ።