ልጄን ከሞተች በኋላም ከሥራ ላላሰናበቷት ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የባሕር ጭነት ገበያ ጥናትና ትንበያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰፊው ቢሮዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ደብዳቤ የሚጻፈው በእጅ ስለሆነ ግን አልከለከለኝም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይህችን በጋዜጣ የምትወጣ ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ስሕተት ቢያገኙባት በራሴ ፊርማ የወጣች ናትና ተጠያቂዋ እኔው ነኝ።

በመሥሪያ ቤትዎ የመርከብ ኪራይ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለውን ትንበያ ዘጠኝ ዓመት ስትጽፍ የኖረችው ሠራተኛዎ እናት ነኝ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ እርስዎ በየሰኞው የሚጽፉት ይበቃል። ልጄ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ለቀብሯ አበባ ልከው ስለነበር አልሰሙም ለማለት አልደፍርም። ሆኖም በማግስቱ ሰኞ ትንበያው እንደ ወትሮው ወጣ፤ ከግርጌውም «አዘጋጅ» ተብሎ የእሷ ስም፣ ከስሙ ሥር የእሷ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ሰኞ አልፏል፤ ከአንዱም አልቀረችም። በሕይወት ሳለች እንኳ የዓመት ፈቃድ ትወስድ ነበር።

ሠራተኛን እስከዚህ ድረስ ለማይለቀው ፍቅርዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ። አለቆቿ በቁጥር ያልተቀመጠ ነገር እንደማያነቡ የነገረችኝ እሷው ናት።

1ኛ. ልጄ ከሞተች ወዲህ «አላውቅም» ማለት ትታለች። በፊት የትንበያዋ የመጀመሪያ መስመር ባለፈው ሳምንት የት ላይ እንደተሳሳተች የምትናገርበት ነበር። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ «በዚህ ሳምንት ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም» ብላ በግልጽ ትጽፍ ነበር። በዚህ የተነሳ ቢሮዎ ድረስ እንዳስጠሯትና ደንበኛ የሚከፍለው «አላውቅም» ለመስማት እንዳልሆነ እንደመከሯት አጫውታኛለች። እንግዲህ ምክርዎ ዘግይቶም ቢሆን ሰምሯል። ሃያ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ያላወቀችው ነገር የለም፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። መቃብር ሰውን እንዲህ አዋቂ እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር።

2ኛ. ለእኔ ሳታነብልኝ መላክ ጀምራለች። በየሰኞው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትደውልና ጽሑፉን ከመላኳ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነብልኝ ነበር። እኔም እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቼ እሰማለሁ። አልገባኝም ካልኳት «አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባኝም ማለት ነው፣ እማዬ» ትልና እንደገና ትጽፈዋለች። የሥራ ባልደረቦቿ እኔን «ወንፊቷ» ይሉኝ እንደነበር ሳይሰሙ አይቀሩም። ባሕር በዓይኔ አይቼ ባላውቅም የዘጠኝ ዓመት የባሕር ገበያ በጆሮዬ አልፏል። ዛሬም ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናውን አቆማለሁ። ምን እንደምሰማ ግን አላውቅም።

3ኛ. ባዶ መርከብና ሙሉ መርከብ መለየት አቅቷታል። የዛሬ ሁለት ወር በስሟ የወጣው ትንበያ፣ ከወደቡ ውጭ ስልሳ መርከቦች ወረፋ ይዘው ስለቆሙ ትርፍ መርከብ አይገኝምና ኪራይ ይወደዳል ይል ነበር። ጽሑፉ በጣም ያምራል። ልጄ ግን እኔን እንዲህ ስትል አስተምራኝ ነበር፤ ጭነቱን ለማራገፍ የሚጠብቅ መርከብ ሆዱ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ሥራ አጥቶ የቆመ መርከብ ግን ባዶ ነውና ሆዱ ከውኃው በላይ ይታያል። የመጀመሪያው ሲበዛ ኪራይ ይወደዳል፤ ሁለተኛው ሲበዛ ይረክሳል። ተሳፋሪ በሌለበት ፌርማታ የተሰለፉ ታክሲዎች ማለት ናቸው። እያንዳንዱ መርከብ ምን ያህል ውኃ ውስጥ እንደገባ ከትንበያው ጋር በምትልኩት ሰንጠረዥ የመጨረሻው አምድ ላይ ተጽፏል። እሷ ያንን አምድ ሳታይ፣ አይታም ወደብ ላይ መርከብ ለሚቆጥረው ሰው ሳትደውል አንድ መስመር አትጽፍም ነበር። መነጽሬን አድርጌ በጣቴ እየተከተልኩ ቆጠርኩት፤ ከስልሳው አርባ ሰባቱ ባዶ ነበሩ። ዋጋው በሳምንቱ ወረደ።

4ኛ. ደንበኞች ይቆጧታል። ስልኳ እኔ ዘንድ ነው፤ ቻርጅ አቋርጬበት አላውቅም። በዚያው ሳምንት አንድ ብረት አስመጪ ደወለና «ሃሎ» ከማለቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? አንቺን አምኜ መርከብ በውድ ተዋዋልኩ እኮ! ድሮ ስትሳሳቺ በሰኞው ‹ተሳስቻለሁ› ትይን ነበር፤ አሁን ኮራሽብን?» አለኝ። እናቷ መሆኔን ነገርኩት። ከዚያም ሌላውን ነገርኩት። «እማማ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ስማከር የከረምኩት ከማን ጋር ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ለሚመለከተው ክፍል፣ ማለትም ለእርስዎ፣ አስተላልፌያለሁ።

5ኛ. ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህ የእርስዎ ጥፋት አለመሆኑ ኋላ ስለታየኝ ሰርዤው ነበር፤ ደብዳቤውን በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ግን ተመልሶ ገባ።

ክቡርነትዎ፣ ስሟን ከትንበያው ላይ እንዲሰርዙልኝ እለምናለሁ። ይህን ለማለት ሰባት ወር የፈጀብኝ ጽሕፈት ስለሚያስቸግረኝ ብቻ አይደለም። እውነቱን ልንገርዎ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰኞዎች ደስ ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ ለቤታችን የሚላከው የትንበያ ወረቀት ሲመጣ ከግርጌው እጀምርና ስሟን አንብቤ አጥፈዋለሁ፤ ወደ ላይ አልሄድም። በዚህ ቤት የሚጮኸውም ስልክ የእሷ ብቻ ነው። «እሷን ፈልጌ ነበር» ሲሉኝ፣ የሚፈልጋት ሌላ ሰው በመኖሩ ለአፍታ እጽናናለሁ። ስሟና ቁጥሯ ሲሰረዙ ሰኞም እንደ ማክሰኞ እንደሚሆንብኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይሰረዙ። ልጄ ያንን ስም ያቆመችው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ተሳስቻለሁ» እያለች ነው፤ አሁን ልትለው አትችልም። እርስዎ በስሟ ሲሳሳቱ የምናገርላት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ መስመር ያክሉልኝ፦ «ካለፉት ሃያ ዘጠኝ ትንበያዎች አንዱንም እሷ አልጻፈችም።» ማዘን፣ ማሞገስ፣ አበባ መላክ አያስፈልግም። መስመሯ አጭር ናት፤ ለማንበብም ወንፊት አያሻትም።

ሙታንን በሥራ ገበታቸው ላይ በማቆየት ወደር ላልተገኘለት አመራርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ያ ዕድሜ ሲያልቅም ስምዎን የሚያሳርፍልዎ ሰው እንዳያጡ እየጸለይኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የአዘጋጇ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ከልጄ የተማርኩትን ያህል እኔም አንድ ትንበያ ልሞክር። በሚቀጥለው ሰኞ ስሟ እንደ ወትሮው ከትንበያው ግርጌ ይወጣል፤ ለዚህች ደብዳቤም መልስ አይመጣም። የተሳሳትኩ እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ተሳስቻለሁ» ብዬ ፈርሜ አወጣለሁ። ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ ከተቸገሩ፣ እርስዎም ከዚያ ላይ መገልበጥ ይችላሉ።