ስለ ብረትህና ስለ እናትህ ጉልበት

አንዱዬ፣ የኔ ጎበዝ፦

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሞላን። አንተ በጥቅምት ሄድክ፤ ይኸው ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እዚያ ያለህበት ወሬ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ቢደርስህ ግን የለቅሶ ቤት ወሬ እንዳይሆን ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ለቅሶውንማ በወጉ አልቅሼዋለሁ። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ደረቴን መትቻለሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። አሁን እኔ ስመኝ፣ ሚስትህ፣ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ በርትቻለሁ። አንተ ለማሟሟቂያ ታነሳው የነበረውን ብረት ዛሬ እኔ እየቀለድኩ አነሳዋለሁ። ይህን ስትሰማ ከንፈርህን በአንድ በኩል ሸፈፍ አድርገህ እንደምትስቅ ይታየኛል። ሳቅ፣ ግድ የለም!

እንጅባራ ያው እንጅባራ ናት። ዝናቡ አልሰነፈም፣ ጭቃውም እንዲሁ። ባጃጁ ከሰው በልጧል። የማድ ቤቱን ጣሪያ አስቀይሬአለሁ፤ አሁን ቢዘንብም ባይዘንብም ግድ አይሰጠኝም። ድንቹ ዘንድሮ ደህና ያዘ። አዲስ ቅዳም ከተማ አብረውህ ከሰል ይጭኑ የነበሩት ጓደኞችህ በአይሱዙ ሲያልፉ በራችን ላይ ክላክስ ሳያደርጉ አያልፉም። መጀመሪያ መጀመሪያ ክላክሱን ስሰማ በሩን እዘጋ ነበር። አሁን እጄን አውጥቼ ሰላም እላቸዋለሁ።

ዋናው ወሬ ግን የጓሮዋ ክፍል ናት። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ብረት ቤት ነው የሚላት። ስትጀምራት የሳቀብህን ሰው ታስታውሳለህ? ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው ማታ ደግሞ ብረት ይሸከማል፣ ይህ ሰው ለይቶለታል ብለው ነበር። አንተ ግን ጆንያው ወገብ እንደሚሰብር፣ ብረቱ ደግሞ በዘዴ ከተያዘ ወገብ እንደሚሠራ በስልክህ ካየኸው ቪዲዮ ገብቶህ ነበር። ከአሮጌ ጭነት መኪና የወጣውን ረጅም የብረት ዘንግ ከጋራዥ ለምነህ አመጣህ። ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ባላ መሬት ውስጥ ቀበርክና ዘንጉን ማሳረፊያ አደረግካቸው። ክብደቱን ደግሞ በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ሲሚንቶ እያፈሰስክ መሃሉን በቧንቧ በስተህ ሠራኸው። ቀበቶ ሲያስፈልግህ የአባትህን የፈረስ ኮርቻ ቆዳ ቀደድክ። አቤት፣ ያን ዕለት እናትህ የተቆጡት ቁጣ! አባትህ በዚያ ኮርቻ ስንት ጉግስ ተጫውቶበታል፣ አንተ ሆድህን ልታስርበት ነው ወይ ብለው ሦስት ቀን አላናገሩህም።

እኔን ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ሦስት ሥራ ብቻ ነው ያለው አልከኝ፤ ዘንጉን ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ተኝቶ መግፋት፣ ከመሬት መንቀል። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው አልክ። ቂጥሽን ወደ ኋላ፣ ደረትሽን ወደ ፊት፣ ትንፋሽሽን ሆድሽ ውስጥ ያዢ እያልክ ስታሠራኝ ጎረቤት እንዳይሰማ በጥፊ ልልህ ምንም አይቀረኝም ነበር። ትንሽ ጨምሪ፣ ዕረፊ፣ ደግሞ ትንሽ ጨምሪ። ሥጋ የሚያድገው ስታርፊ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዕረፍቱን ከሁሉ በፊት ነበር የተማርኩት።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ሐኪሙ ጉበት ነው፣ ቆይቷል፣ ሥራም ስፖርትም አላመጣውም ብሎ በግልጽ ነገረን። እማማ ግን አልሰሙትም። እናት ልጇን ቀብራ የሐኪም ወሬ ትሰማለች እንዴ? ሰልስትህ ባለፈ ማግስት ወደ ጓሮ ሄደው ብረት ቤቷን ቆለፉና ቁልፉን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ልጄን የበላው ያ ብረት ነው አሉ። ግቢው የእሳቸው፣ ክፍሏም የእሳቸው ናት፤ እኔ ምን አፍ አለኝ? ደግሞ ሐዘናቸው ከእኔ ሐዘን አያንስም።

ዝም አልኩ እንጂ አልተቀመጥኩም። በሁለት እጄ በሁለት ጀሪካን ውኃ እየቀዳሁ፣ ድንቹን በጆንያ ከመሬት እየነቀልኩ፣ ያስተማርከኝን ሰውነቴ እንዳይረሳው አደረግሁ። የሰፈሩ ሴቶች ጥቁር ለብሳ እንደ ወዛደር ጆንያ ታነሳለች ብለው አሙኝ። ይሙኝ! ሰው ሲያማ አፉ እንጂ ወገቡ አይጠነክርም።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው የአምናው ስቅለት ነው። እማማ በዚያች ቀን ላንተ ሊሰግዱ ሁዳዴውን ሙሉ ሲያስቡት ነበር። እስከ ማታ፣ በክርስትና ስምህ እየጠሩ፣ ከሰው እኩል ወድቀው ሊነሱ። ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። የመጀመሪያውን ሰገዱ። ሁለተኛው ላይ ጉልበታቸው መሬት እንደነካ ቀረ። ቢሉት ቢሠሩት እምቢ አለ። እኔና አንዲት ሴት ብብታቸውን ይዘን አነሳናቸውና ቅጥሩ ሥር አስቀመጥናቸው። ቀኑን ሙሉ ሌላው ሲወድቅ ሲነሳ እያዩ ድንጋይ ላይ ዋሉ። ቤት ስንገባ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወልጄው ወልጄው፣ ለነፍሱ አንድ ስግደት እንኳ አቃተኝ አሉ። አንዱዬ፣ ሬሳህ የወጣ ዕለት እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

በነጋታው ቡና ሳይጠጡ ቀድሜ ነገርኳቸው። የሚመጣው ስቅለት ሳይደገፉ ይሰግዳሉ፣ እኔ አሠራዎታለሁ፣ ስግደት ማለት እኮ ያው ቁጭ ብድግ ነው አልኳቸው። በምን ልታሠሪኝ ነው አሉኝ። በልጅዎ ዘዴ አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያ ብረት ያለበት ክፍል ሬሳዬም አይገባ ብለው ማሉ። ወይ ጉድ፣ እንዳንተ ያለውን ግትር ከየት አመጡት ስል ይኸው ምንጩን አገኘሁት።

እኔስ ማን ነኝ? ብረቱን ተውኩትና መደቡን ያዝኩ። ደጃፍ ላይ መደቡ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፌ፣ ይነሱ አልኳቸው። ቂጥ ወደ ኋላ የሚለውን ለአማት እንዴት ይባላል! መቀመጫዎን ወደ ኋላ ይላኩት እያልኩ በአክብሮት ተረጎምኩት። መነሳቱ ሲከብዳቸው አማርኛው ይጠፋና በአገውኛ ይወርዱብኛል። ይውረዱብኝ፣ ብቻ ይነሱ። መደቡ ሲቀልላቸው ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ዝቅተኛዋ በርጩማ ወረድን። ማክሰኞና ሐሙስ ሠርተን በመሃል ሲያርፉ በጣም ደስ አላቸው። ልጄ ዕረፍት ያለበት ሥራ መሥራቱን አላወቅሁም ነበር አሉኝ። አንድ ቀን ከበርጩማዋ ብድግ ብለው ራሳቸውም ደነገጡና፣ ይህማ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ነው ብለው ሳቁ። ካንተ ወዲህ የሳቁት ያኔ ነው።

ነሐሴ ላይ ቆምን። የገዛ አካላቸው ቀለላቸው፤ ክብደት መጨመር አለበት። ትንንሾቹ የሲሚንቶ ክቦች ደግሞ ያሉት ብረት ቤት ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ሥራ እዚያ ነው ያለው ብዬ ብቻ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ከማድ ቤቱ በር ሆኜ ሳይ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ጓሮ ቆመዋል። ብዙ ቆሙ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈቱ። ጓጉንቸሩ ዝጎ ስለነበር ታገሉት፤ ላግዝ ብዬ አልተንቀሳቀስኩም። በሩ ሲከፈት ገቡና ዘንጉን በእጃቸው ዳሰሱት። እጅህ ይይዘው የነበረው ቦታ ላይ ዝገት የለም፤ እዚያ ላይ እጃቸውን አሳርፈው አለቀሱ። እኔም በቆምኩበት አለቀስኩ። ስገባ ይህን ብረት ይቅር አላልኩትም፣ ይወቅ አሉኝ። እሺ አልኩ። ትንሿን ክብ ደረታቸው ላይ አቅፈው ሦስቴ ቁጭ ብድግ አሉና፣ ክፍሏን ቆልፈው ቁልፉን መልሰው ቋጠሩ። ከዚያ ወዲያ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ራሳቸው ይከፍቱልን ጀመር፤ እኔም ወደ ዘንጉ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ግራ እጄ ሰነፍ ነው እያልክ ስትረግመው ኖርክ አይደል? ተኝተህ ስትገፋ ዘንጉ ሁልጊዜ በግራ ያዘነብልብህ ነበር። እጅህ እንዲጠነክር ብለህ ውኃውን በእሱ፣ እንጨቱን በእሱ ትሸከም ነበር። ክፍሏ ከተከፈተች በኋላ ትልልቆቹን ክቦች የድንች ነጋዴው ሚዛን ላይ ሰቀልኳቸው። አረንጓዴ የቀባኸው ከቀዩ በሁለት ኪሎ ይበልጣል! አረንጓዴውን ደግሞ ሁልጊዜ የምታስገባው በግራ ነው። ቆሜ ሳስብ ትዝ አለኝ። ቀዩን ከነብረት ሳፋው መዘንከው፤ አረንጓዴውን ግን እኔ ለልብስ ሳፋውን ስለፈለግኩት አውጥተህ ለብቻው መዘንከው። ከዚያ እኩል እስኪመጣ ድረስ ሲሚንቶ ጨመርክበት። ግራ እጅህ ያን ሁሉ ዘመን የኔን ሳፋ ነበር የተሸከመው! እዚያው ሚዛኑ ሥር በሳቅ ሞትኩ፣ ከሳቁ መሃል እንባዬ መጣ። ግራ እጅህ ሰነፍ አልነበረም፣ የኔ ጌታ። ይህን ሳትሰማ መሄድህ ቆጨኝ።

ሁዳዴ ሲገባ እማማ በባዶ ሆድ ካልሠራሁ ጾሙ ምኑን ጾም ሆነ ብለው አስቸገሩኝ። እንዲያ ሆነው ሲሠሩ ዓይናቸው ጨለመባቸውና ግድግዳውን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን አዛወርነው። ቅዳሴ ሲወጣ በሶአቸውን በጥብጬ፣ ባቄላ ቆልቼ አበላቸዋለሁ፣ ትንሽ ያርፋሉ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ። መጨረሻ ላይ መሬት ላይ ከተዘረጋው ጆንያ ላይ ነበር የሚነሱት። ከጆንያው በታች የቀረ ቦታ የለም።

ስቅለት ደረሰ። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እሳቸው አንኮራፍተው አደሩ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ያቺ የአምናዋ ድንጋይ ባዶ ነበረች፤ ሴቶቹ ለእማማ ብለው ትተዋታል። አላዩአትም። ከእኔ ጎን ነጠላቸውን አመሳቅለው ቆሙ። የመጀመሪያውን ወደቁ፣ ተነሱ። ሁለተኛው ላይ ጉልበታቸው መሬት ነካ፣ ትንፋሻቸውን ሆዳቸው ውስጥ ያዙ፣ መቀመጫቸውን ላኩ፣ ተነሱ። ሳላስበው እጄን ብዘረጋ በመዳፋቸው መታ አድርገው መለሱት። ከዚያ ስምህን እየጠሩ ወደቁ፣ ስምህን እየጠሩ ተነሱ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አዘቀዘቀች። ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንሱት ግድግዳ ሲፈልጉ እሳቸው መሃል ሜዳ ላይ ናቸው። ላባቸው በፊታቸው ይወርዳል፣ እንባቸው ከላቡ አይለይም። እኔ ያን ቀን ስለ ኃጢአቴ አልሰገድኩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እናትህን ሳይ ዋልኩ።

ማታ ስንወጣ አምና ብብታቸውን ይዛ ያነሳቻቸው ሴት መንገድ ላይ ደረሰችብን። እጃቸውን ስማ፣ ይህን ጉልበት የትኛው ጠበል ነው የሰጠዎት፣ እኔም ልሂድበት ብላ ለመነቻቸው። እማማ ቆሙ። ልጄን የበላው ብረት ነው ሲሉ የከረሙት እናትህ፣ ልጄ ነው አሉ። ልጄ አንዷለም ነው ያስተማረኝ፣ ማክሰኞ ነይ፣ አንቺንም ያስነሳሻል አሏት።

አንዱዬ፣ ትዝታህን እጠብቃለሁ ስልህ ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ማለቴ አይደለም። እኔ ስመኝ በሕይወት እስካለሁ ብረትህ አይዝግም፣ ያስተማርከኝም እኔ ጋ አይቀርም። ነገ ማክሰኞ ነው። ያቺም ሴት ትመጣለች፤ እማማም ከወዲሁ በርጩማዋን አውጥተውላታል።

ሚስትህ ስመኝ